ለፍሬ ፈተና ሽማግሌ የላክሁ ጊዜ

ዘውዴ፤

ከተለየሽኝ ሦስት ዓመት ከአራት ወር ሆነ። ይህን የምጽፈው በገዛ እጄ ነው። የቤተ ክርስቲያኑ ዲያቆን «እኔ ልጻፍልዎ» ብሎ ጀምሮልኝ ነበር፤ አንቺም እኔም የማናውቀውን ቃል ሲደረድርበት ጊዜ ወረቀቱን ተቀበልኩት። ሀሁ ቆጥሬ ዳዊት ሳልደግም እንዳቋረጥኩ ታውቂያለሽ። ፊደሌ ቢንጋደድም ቋንቋው የቤታችን ነውና አይጠፋሽም። ሌላ ሰው ቢያነበውም ግድ የለኝም፤ ያፈርኩበትንም ጭምር ጽፌዋለሁ።

ቤቱ ደህና ነው። ባለፈው ክረምት ዝናቡ የማድቤቱን ግድግዳ ጥሎት ራሴ መልሼ አቆምኩት። ጋሽ ተካ በመጣ ቁጥር «ጠሟል» ይለኛል፤ «ቆሟል ወይስ አልቆመም?» እለዋለሁ። አንቺ የተከልሽው የኒም ዛፍ ከጣራው አልፎ ለጎረቤትም ጥላ ሆኗል። መብራት እንደ ድሮው ከመምጣቱ መሄዱ ይፈጥናል። ሱቄም እዚያው ጀሪፍ ገበያው ጫፍ ላይ ነው። አሁን ሰው ሁሉ የስፖንጅ ፍራሽ ነው የሚገዛው፤ እኔ ግን የጥጥ መንደፊያ ደጋኔን አልጣልኩም። ጥጤን እነድፋለሁ፣ ፍራሼን እሰፋለሁ፤ ወገቡን የሚወድ ሰው ፈልጎ ያገኘኛል።

ትልቁ ወሬ የልጃችን የፍሬ ነው።

ዐማራት ሰፈር ትሠሪበት የነበረው ቤት እመቤት እንግሊዝኛ አስተምራ፣ አስፈትና፣ ናይሮቢ ወዳለው አዳሪ ትምህርት ቤት ስትልክልሽ ልጅቷ አሥራ ሦስት ዓመቷ ነበር። ከየአገሩ የመጡ ልጆች አብረው እያደሩ የሚማሩበት፣ ወጪዋንም ትምህርት ቤቱ ራሱ የቻለላት። ላንቺ ቀብር የጉዞ ወረቀቷ አልደርስ ብሎ ለአርባሽ ነው የመጣችው። ከዚያ ተመልሳ ጨረሰች። ስትጨርስ ጓደኞቿ ሁሉ ወደ ሩቅ አገር ዩኒቨርሲቲ ሄዱ። እሷ ግን «አባዬ ብቻህን ነህ» ብላ ወደዚሁ ወደ ካርቱም መጣች፤ እዚሁ ዩኒቨርሲቲ ምህንድስና ገባች። እዚህ መሐንዲስን «ባሽሙሃንዲስ» ብለው እንደሚጠሩ ታውቂያለሽ። እኔ ገና አንድ ቀን ሳትማር ነው ሱቁ በር ላይ «የባሽሙሃንዲስ አባት» በሉኝ ያልኳቸው።

ዘውዴ፣ የላክናት ልጅና የመጣችው ልጅ አንድ አይደሉም። የመጀመሪያውን ወር እንደ እንግዳ ስመለከታት ነው የከረምኩት። ወደኔ ክፍል ልትገባ ስትል መጋረጃውን ታንኳኳለች። መጋረጃ ይንኳኳል? ግድግዳውን በጣቷ መታ መታ ታደርግና «መግባት እችላለሁ?» ትላለች። አልጋዋን እንደ ፖስታ አጣጥፋ ነው ከቤት የምትወጣው። ስበላ ጎርሼ እስክጨርስ ትጠብቅና ነው የምታናግረኝ። ድመቷን ረግጣ ይቅርታ ስትጠይቃት ሰምቻለሁ። አማርኛዋ እንደ ሕፃን ሆኗል፤ «ደከመኝ» ለማለት ስታስብ ይመሻል።

እኔም ጠያቂ ሆኜልሻለሁ። ያ ትምህርት ቤት ደወል ነበረው አለችኝ። ደወሉ ይቀሰቅሳል፣ ደወሉ ያበላል፣ ደወሉ ያስጠናል። ማታ አንዲት ሴትዮ አልጋ ለአልጋ እየዞረች ትቆጥራቸዋለች፤ አንድ ልጅ ከጎደለ ግቢው ሁሉ ይታሰሳል። ክፍል ውስጥ አሥራ አራት ናቸው። አንዷ ከፋት ብላ ከተቀመጠች መምህሩ ራሱ ጠጋ ብሎ «ምን ሆንሽ?» ይላል።

«እዚህስ ደወሉን ማን ነው የሚመታው?» አልኳት።

«ደወል የለም።»

«ማን ይቆጥራችኋል?»

«ማንም።»

«ብትቀሪ ማን ይቆጣል?»

«አባዬ፣ ሦስት መቶ ነን። ዛሬ ባልሄድ ማንም አያውቅም ነበር።»

«ታዲያ ደስ አይልም?»

ትንሽ አሰበችና «አላውቅም፤ ገና እያየሁት ነው» አለች።

ይህ ነገር ከንክኖኝ ከረመ። የሚቆጣ ሰው የሌለበት ቦታ እንዴት ሥራ ይሠራል? አንድ ቀን ሱቄን ዘግቼ ዩኒቨርሲቲው በር ማዶ ካለችው ሻይ ሻጭ ሴትዮ ዘንድ ሄጄ ተቀመጥኩ። ሲገቡ ሲወጡ ሳይ አረፈድኩ። ሴትዮዋ ሁኔታዬን አይታ «ያ ዐም፣ ሰው ጠፋብህ?» አለችኝ፤ አጎቴ ማለቷ ነው።

«አልጠፋብኝም። እንዴት እንደሚማሩ ላይ ብዬ ነው።»

ሳቀችና ታስተምረኝ ጀመር። «እየሮጡ የሚገቡት አንደኛ ዓመት ናቸው። እየተራመዱ የሚገቡት ሦስተኛ ዓመት ናቸው። እኔ ዘንድ ተቀምጠው ሻይ የሚጠጡት ወይ ጨርሰዋል፣ ወይ አልቆላቸዋል።» እንግዲህ ስለ ዩኒቨርሲቲ መጀመሪያ የተማርኩት ከሷ ነው።

ፍሬ ከሚሮጡት ነበረች፤ ግን ሮጣም አትደርስም። ከጀሪፍ ሁለት ሃፍላ ትቀያይራለች፤ ያቺን ትንሽ አውቶቡስ ታስታውሻታለሽ፣ ቤንዚን ሲጠፋ ደግሞ ሰልፍ ላይ ቆማ የምትውለውን። ንጋት አሥራ አንድ ሰዓት ወጥታ ስትደርስ የፊቱ ወንበር ተይዞ ይጠብቃታል። ሌሎቹ ልጆች ማልደው ደብተር አስቀምጠው ነው ቦታ የሚይዙት። እሷ የኋለኛው ረድፍ ላይ፣ የመምህሯ ድምፅ የማይደርስበት፣ ማራገቢያ የሌለበት ትቀመጣለች። «ጓደኛ ብትይዝልሽ ምን አለበት?» ብላት «ሳይመጡ ቦታ መያዝ ልክ አይደለም» አለችኝ። ድርቅ አለች። የማን ልጅ ናት እንዳትይኝ።

ዓመቱ ሲያልቅ ውጤት ተለጠፈ። መጥታ ኒሟ ሥር ተቀመጠች። መጀመሪያ በእንግሊዝኛ አንድ ነገር ተናገረች፤ ከዚያ በአማርኛ «አባዬ፣ ሒሳብ ወድቄያለሁ» አለች።

«ተሳስተው ነው» አልኩ።

«አልተሳሳቱም።»

«አንቺ እዚያ ሁለተኛ ትወጪ አልነበር?»

«እዚያ ሌላ ነው፤ እዚህ ሌላ ነው» አለች።

ነገሩን ቀስ ብዬ አወጣጣኋት። ለወደቀ ሰው ሙልሐቅ የሚባል ማካካሻ ፈተና አለ፤ ከስድስት ሳምንት በኋላ። እሱንም ከወደቀች ኮሌጁ ያስወጣታል። ቢያስወጣት ደግሞ የድሮ ትምህርት ቤቷ ትንንሾቹን ልጆች እንድትጠብቅ ሥራ ሊሰጣት ይችላል፤ ጽፋላቸው መልሰውላታል። ናይሮቢ ማለት ነው። መልሳ ልትሄድብኝ ነው። እውነቱን ልንገርሽ፣ ያን ጊዜ ያዘንኩት ለሷ አልነበረም፤ ለራሴ ነበር።

እንግዲህ ምን አደረግሁ መሰለሽ? አንቺ ብትኖሪ በሩ ላይ ቆመሽ ትከለክይኝ ነበር። እኔ የገባኝ የሒሳብ መምህሯ ልጄ ላይ ቂም ይዛለች ማለት ነው። ሁለተኛ ስትወጣ የኖረች ልጅ ያለ ቂም እንዴት ትወድቃለች? ቂም ካለ ደግሞ መድኃኒቱ ይታወቃል፤ ሽማግሌ ይላካል። ጋሽ ተካን ለመንኩት። እሱ ከመኪና መንዳት ጡረታ ከወጣ ወዲህ ለባልና ሚስት ጠብ እየተጠራ አፉ ተፈቷል። ከሱ ጋር ጥጥ የሚሸጥልኝን ጎረቤታችንን ሐጅ ኢድሪስን ጨመርኩ፤ የአገሩ ሰው ይኑርበት ብዬ። ለፍሬ ትንፍሽ አላልኩም።

ጋሽ ተካ ነጭ በነጭ ለብሶ፣ ከዘራ ይዞ መጣ። ሐጅ ኢድሪስ ጥምጥሙን አሳምሮ። እኔ ባለጉዳይ ስለሆንኩ ውጭ ዛፍ ሥር ቀረሁ፤ ወጉ እንደዚያ አይደል? ውስጥ የሆነውን ኋላ ጋሽ ተካ እየማለ ነው የነገረኝ።

ገብተው ቢያዩ መምህሯ ቶብ፣ ያንን የአገሩን ሴቶች መጠቅለያ ልብስ የለበሰች፣ እድሜዋ ወደ ስልሳ የሚጠጋ፣ ዶክተራ ይሏታል። እዚህ መምህሩ ሁሉ ዶክተር ነው፤ ስለዚህ አልደነገጡም። «ተቀመጡ» አለቻቸው። ሐጅ ኢድሪስ ወዲያው ተቀመጠ። ጋሽ ተካ ግን ከዘራውን ተደግፎ ቆመ።

«ጥያቄያችን ሳይፈቀድ አንቀመጥም» አለ።

«ጥያቄያችሁ ምንድን ነው?»

«ቃል ሳይገቡልን አንናገርም።»

«ያልሰማሁትን ነገር እንዴት እፈቅዳለሁ?»

ሐጅ ኢድሪስ ከወንበሩ ሳይነሳ «ዶክተራ፣ አጃዊድ ነን» አላት። አጃዊድ የነሱ ሽማግሌ ነው፤ የተጣላ የሚያስታርቅ። ይሄኔ ሴትዮዋ መነጽሯን አወለቀች። «ከማን ጋር ነው የተጣላሁት? ባሌ ከሞተ ቆይቷል፤ ወንድሞቼ ደህና ናቸው።»

«ከልጃችን ጋር» አለ ጋሽ ተካ። «ፍሬሕይወት አያሌው። ጥፋት ካለ ትካሳለች፤ ሒሳቡን ያሳልፏት።»

ሴትዮዋ ስሟን መዝገብ ላይ ፈለገች፣ ፎቶዋንም አየች። ከዚያ ምን አለች መሰለሽ? «አላውቃትም። ተጣልተን ቢሆን ኖሮ አውቃት ነበር።»

በሩ ላይ የተሰለፉት ተማሪዎች ይህን ሁሉ ይሰማሉ። ጋሽ ተካ አሁንም አልተቀመጠም። «እንግዲያስ አባትዋን ጥሩልኝ» አለች። ተጠርቼ ገባሁ። ሻይ አስመጣችልን። ሐጅ ኢድሪስ ሁለት ጠጣ፤ ጋሽ ተካ አንድም አልቀመሰም።

«ነጥብ መለወጥ በኔ እጅ አይደለም» አለችኝ በትሕትና። «ግን ልጠይቅህ። ልጅህ የት ነው የምትኖረው?»

«ጀሪፍ። ከኔ ጋር።»

«ስንት ሰዓት ትወጣለች?»

«ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት።»

«ስንት ሰዓት ትመለሳለች?»

«ሲመሽ፣ አንድ ሰዓት።»

«ስትመለስ መብራት አለ?»

ዞሬ ጋሽ ተካን አየሁት።

«ዳኽሊያ ለምን አልገባችም? የሴቶች ማደሪያው እዚሁ አጠገባችን ነው።»

ዘውዴ፣ እዚህ ላይ ነው ያፈርኩት። ዳኽሊያ ልግባ ብላኝ ነበር፤ ገና ዓመቱ ሲጀምር። «ስድስት ዓመት በሰው ቤት አድረሽ አሁንም በሰው ቤት? የኔ ቤት ምን ሆነ?» ብዬ ያን ወሬ ዳግመኛ እንዳታነሳ ዘጋሁባት። ለዶክተራዋ ምን ልበላት? ቤት ባዶ ይሆንብኛል ልበላት? ጋሽ ተካ ፊቴን አይቶ ገባው። ስንወጣ ዛፉ ሥር ቆመና «አንተ ሰው፣ ሽማግሌ የላክኸው ወደተሳሳተ ሰው ነው። ወደራስህ ነበር የምትልከን» አለኝ። ሐጅ ኢድሪስ ደግሞ «ሻይዋ ግን ጥሩ ነው» አለ።

ወሬው ከኔ ቀድሞ ቤት ገባ። ፍሬ ስትመጣ መጋረጃውን አላንኳኳችም። «አባዬ፣ እኔ ሃያ ዓመቴ ነው» አለችኝ። ከዚያ ሦስት ቀን ሙሉ «እንደምን አደርክ» ብቻ። ይቅርታ ማለት አልሆነልኝም፤ ታውቂኛለሽ፣ ለአንቺም ስንት ጊዜ አልሆነልኝም። እንቁላል ጠብሼ አስቀመጥኩላት፤ በላች፣ ሳህኑንም አጠበች፣ ግን አላየችኝም።

በአራተኛው ቀን ተናገረች። ሌላ ፊት ይዛ ነው የመጣችው። ለካ ወደ ዶክተራዋ ቢሮ ሄዳ ኖሯል፤ እኔ ስላደረግሁት ይቅርታ ልትጠይቅ። አንድ ዓመት ሙሉ ያንን በር አንኳኩታ አታውቅም። በሩ ግን ማክሰኞና ሐሙስ ለተማሪ ክፍት ነበር። እሷ እንደ ድሮ ትምህርት ቤቷ «ምን ሆንሽ?» ብሎ የሚመጣ መምህር ስትጠብቅ ኖረች፤ መምህሯ ደግሞ የሚያንኳኳ ተማሪ ትጠብቃለች። ሁለት ሰው እንዲህ ሲጠባበቅ ዓመት ይሄዳል ብሎ ማን ያስባል?

ዶክተራዋ «ስለ አባትሽ ይቅርታ አትጠይቂ፤ ይልቅ የከበደሽን አሳዪኝ» አለቻት። አሳየቻት። «የድሮዎቹን ፈተናዎች ሠርተሻቸዋል?» ብትላት ልጃችን ደነገጠች። እዚህ ተማሪው ሁሉ ያለፉትን ዓመታት ፈተና ፎቶኮፒ ቤት እየገዛ ነው የሚያጠናው። ፍሬ ግን አንድም ቀን አልነካችውም። እዚያ ያስተማሯት እንደዚያ ነው፤ የፈተና ወረቀት በእጁ የተገኘ ልጅ ይባረራል። ጓደኞቿ ሲያጠኑ እሷ ሲሰርቁ እያየች መስሏት ዘወር ትል ነበር። ዶክተራዋ መሳቢያዋን ከፍታ አንድ እቅፍ ወረቀት አውጥታ «ፎቶኮፒ ቤቱ ድረስ የምልከው እኔ ነኝ፤ እንድትሠሩበት» አለቻት።

እየሳቀች ነው የነገረችኝ። ከዚያ ሳቋ ቆመና «አሁንም ግን ተናድጄብሃለሁ» አለችኝ። «ተናደጂ» አልኳት።

ስድስቱን ሳምንት እንደዚያ አጠናች። ማክሰኞና ሐሙስ ዶክተራዋ ዘንድ፤ ሌላውን ቀን ኒሟ ሥር። አልፎ አልፎ ሥራዬን ይዤ አጠገቧ እቀመጥና «ይሄ የተቆለመመው ነገር ምንድን ነው?» እላታለሁ። የተቆለመመ ነገር ስፋቱ እንዴት እንደሚለካ ነው አለችኝ፤ በጣም ቀጫጭን አድርጎ ቆራርጦ፣ እያንዳንዱን ለክቶ፣ ከዚያ መደመር። እኔ ለባለሱቅ ሶፋ ጨርቅ ስቆርጥ የማደርገው እኮ ይሄንኑ ነው አልኳት። እርሳሷን አስቀምጣ ትክ ብላ አየችኝ። «አሳየኝ» አለች። ያን ቀን ከሰዓቱን ሙሉ ጨርቅ ስናጥፍ ዋልን። ፈተናው ላይ ይጥቀማት አይጥቀማት አላውቅም። አንቺ ብታይን ኖሮ ብዬ ግን አሰብኩ።

ሙልሐቁን አለፈች፤ ለጥቂት። ዝርዝሩን አይታ ስልክ ደወለችልኝ፤ ሱቅ ውስጥ የነበረ ደንበኛ ሰው የሞተብኝ መስሎት «አላህ ያጽናህ» ብሎኝ ሄደ፤ ለካ እያለቀስኩ ኖሯል።

በማግሥቱ ቁርስ ላይ «ዳኽሊያ ትገቢያለሽ» አልኳት።

«አንተስ?»

«እኔ አልማርም።»

«አባዬ፣ ቁም ነገር ነው። ማን ያበስልልሃል?»

«አንቺ የምታበስዪውን አይቻለሁ። አንለያይበት።»

ሳቀች፤ ከዚያ አለቀሰች፤ ከዚያ «ዐርብ ዐርብ እመጣለሁ» አለች። ናይሮቢን አላነሳችም። እኔም አላነሳሁም።

ዳኽሊያ ሄጄ አልጋውን ልለካ ብል ወንድ አይገባም አሉኝ። ፍሬ ገብታ በመቀነቷ ለክታ አመጣችልኝ። ጠባብ ነው። አራት ቀን ጥጥ ነደፍኩላት፤ ከሐጅ ኢድሪስ የወሰድኩት ከገዚራ እርሻ የመጣ ጥጥ ነው፣ አንድ የጥጥ ፍሬ እንኳ አልተገኘበትም። ጠርዙን ሁለት ጊዜ ሰፋሁት። ሥራዬን እንዲህ ተጨንቄ የሠራሁት አንቺ ታመሽ ስትተኚ ነበር። ፍራሹን በባለ ሦስት እግሯ ረክሻ ጣራ ላይ ጭነን ስንሄድ ጋሽ ተካ መንገድ ላይ ቆሞ «ሙሽራ ነው እንዴ የምትድሩት?» ብሎ ጮኸብን።

የዳኽሊያው ጽሕፈት ቤት በመስኮት ነው የሚያስተናግደው። ከኋላችን ብዙ ሰው ተሰልፏል። ጸሐፊው ወጣት ልጅ ነው፤ ይጠይቃል፣ ይጽፋል። የተማሪ ስም፣ የአባት ስም፣ ሥራ። «ፍራሽ ሠሪ» አልኩ፤ ጻፈ። «የእናት ስም?» አለ። ፍሬ «ሞታለች» አለችው። እሱም «አላህ ይማራት» አለና በቦታው ላይ ሰረዝ ሊያሰምር ብዕሩን አሳረፈ።

እጄን በመስኮቱ አስገብቼ ወረቀቱ ላይ አደረግሁ።

«ያ ዐም፣ ይህ እኮ ችግር ሲመጣ የሚደወልለት ሰው የሚጻፍበት ነው» አለኝ።

«ስልኩን ተወው። ስሟን ጻፍ።»

«ምን ያደርጋል?»

«እናቷ ናት።»

«ያላ፣ ቶሎ በል፣ ሰው እየጠበቀ ነው።»

«እኔም እጠብቃለሁ» አልኩትና እጄን ሳላነሳ ቆምኩ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ፍሬ አፍራ እጄን ትጎትት ነበር። ያን ቀን አጠገቤ መጥታ ቆመች፤ ትከሻዋ ትከሻዬን እስኪነካ።

ጻፈው። ያንቺን፣ የአባትሽን፣ የአያትሽን። ከጎኑ ደግሞ በትንሹ «መርሑማ» አለበት፤ እዚህ አገር ለሞተ ሰው እንደሚጻፈው። ዐረብኛ ማንበብ ስለማልችል ጮክ ብለህ አንብብልኝ አልኩት። መጀመሪያ አያትሽን ዘለላቸው። እንደገና አልኩት። በሁለተኛው ሮጠበት። በሦስተኛው ቀስ ብሎ፣ ሙሉውን ጠራው፤ የተሰለፈው ሰው ሁሉ ሰማ።

ዘውዴ፣ እኔ በሕይወት እስካለሁ ያንቺ ስም የሚገባበት ቦታ ላይ ሰረዝ አይሰመርም።

ባልሽ አያሌው
ጀሪፍ፣ ካርቱም